የእርሱን ለእርሱ



ባለፈው ወር በዚሁ ዓምድ ስለ ማዕድ ጸሎት ተነጋግረን ነበር። ጽሑፉን ካነበቡት ወዳጆቻችን አንዱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አግኝተውን፥ «በአፋችን ማመስገኑን ጻፋችሁልን፤ መልካም ነው። በእጃችንስ የምናመሰግነው በምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው አጭር ነው። መልሱ ግን ከወር ገቢያችን ጀምሮ በቤታችን እስከሚያገለግሉን ሰዎች ድረስ የሚዘልቅ ሆኖ ስላገኘነው፥ የዚህን ወር ዓምድ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

በመጀመሪያ ቃሉን እናቅና። ብዙዎቻችን ጧፍ ወይም ዕጣን ይዘን ስንሄድ፥ ወይም በሙዳየ ምጽዋት ጥቂት ብር ስንጨምር «ለእግዚአብሔር ሰጠሁ» እንላለን። ነገር ግን ሰጪ መባል የሚገባው የራሱ የሆነ ነገር ያለው ሰው ነው። ንጉሥ ዳዊት በዘመኑ ፍጻሜ፥ ልጁ ሰሎሞን ለሚሠራው ቤተ መቅደስ ወርቁንና ብሩን፥ ናሱንና ብረቱን፥ ዕንጨቱንና የከበረውን ድንጋይ አከማቸ። አለቆቹም በደስታ ጨመሩበት። ከዚህ በኋላ በጉባኤው ፊት ቆሞ ባቀረበው ጸሎት ግን ይህን ያህል አመጣሁ ብሎ አልተመካም። ያመጡት ሁሉ አስቀድሞ ከእግዚአብሔር እጅ የወጣ መሆኑን፥ እርሱና ሕዝቡም የተቀበሉትን ከመመለስ በቀር ያደረጉት እንደሌለ መሰከረ እንጂ። ይህም በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ በምዕራፍ 29 ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ ንጉሡ እንዲህ ካለ፥ እኛም «መስጠት» ከማለት ይልቅ «መመለስ» ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን።

ለዚህ ነገር ገበሬው ጥሩ ምስክር ነው። የሌላውን ሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ሰው፥ በሬው የራሱ፥ ድካሙም የራሱ ሆኖ ሳለ፥ መከር ሲደርስ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ግማሽ ለግማሽ ይካፈላል። ይህን በማድረጉ ለባለመሬቱ ስጦታ ሰጠ የሚለው የለም፤ የሰውየውን ድርሻ ለሰውየው አደረሰ ይባላል እንጂ። ድርሻውን ቢያስቀርበት ደግሞ ስሙ በአገሩ ይጠፋል። እግዚአብሔር ግን መሬቱን፥ ዝናሙንና ፀሐዩን፥ የአራሹን ክንድና የበሬውን ጫንቃ ሰጥቶ ሲያበቃ፥ ከዐሥር አንዱን ብቻ ጠየቀ፤ ዘጠኙን ለአራሹ ተወለት። ነቢዩ ሚልክያስ በምዕራፍ 3 ሕዝቡን አጥብቆ የወቀሰው፥ ይህችን አንዲቱን እጅ እንኳ ባስቀሩ ጊዜ ነበረ፤ ነገሩንም በስርቆት ስም ጠራው።

ከዐሥር አንድ የማውጣት ሥርዓት ከሙሴ ሕግ በፊት የነበረ ነው። አባታችን አብርሃም ነገሥታቱን ድል አድርጎ የወንድሙን ልጅ ሎጥን አስጥሎ በተመለሰ ጊዜ፥ ለሳሌም ንጉሥና ለልዑል እግዚአብሔር ካህን ለመልከ ጼዴቅ አሥራት አወጣ። ያዕቆብም ከወንድሙ ቍጣ ሸሽቶ ድንጋይ ተንተርሶ ባደረባት በቤቴል፥ እግዚአብሔር ከሚሰጠው ሁሉ ዐሥረኛውን ሊያወጣ ተሳለ። በዚያች ሌሊት ያዕቆብ ከበትሩ በቀር የሚቈጠር ሀብት አልነበረውም። ስለዚህ «ሀብት ሳገኝ አወጣለሁ» የሚል ሰው የያዕቆብን ስእለት ልብ ብሎ ይመልከት፤ ያዕቆብ ሀብቱ ሳይመጣ ልቡን አስቀድሞ አሰረ።

ሕገ ኦሪት በተሰጠ ጊዜ አሥራቱ ሥርዓት ወጣለት። የሌዊ ነገድ ከወንድሞቹ ጋር የርስት መሬት ስላልተከፈለው፥ በመገናኛው ድንኳን ስለሚያገለግል የሕዝቡ አሥራት መተዳደሪያው ሆነ። ነገር ግን ሌዋውያን ራሳቸው ከተቀበሉት አሥራት ላይ ዐሥረኛውን አንሥተው ለካህኑ እንዲያቀርቡ ታዘዙ፤ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 18 ይህን ይናገራል። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 14 ደግሞ በየሦስተኛው ዓመት ፍጻሜ የሚወጣው አሥራት በየከተማው ውስጥ እንዲቀመጥ፥ ሌዋዊው፥ መጻተኛው፥ ድኻ አደጉና መበለቲቱም በልተው እንዲጠግቡ ታዝዟል። ከእነዚህ ከሁለቱ ሥርዓቶች ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው፥ ተቀባይ የሆነ ሰው ከመመለስ ነጻ አለመሆኑ ነው፤ ካህንም ቢሆን፥ መምህርም ቢሆን፥ ከምጽዋት የሚኖር ድኻም ቢሆን የሚመልሰው አለው። ሁለተኛው፥ መሠዊያውና ድኻው በእግዚአብሔር ፊት የተለያዩ ሁለት ጉዳዮች አለመሆናቸው ነው። ወደዚህ ወደ ሁለተኛው ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

በአገራችን ይህ ልማድ የራሱ ታሪክ አለው። ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ ዘመን የተዳደረችው በአብዛኛው በመሬት ነበር። ቄሱም፥ ዲያቆኑም፥ መሪጌታውም ስለ አገልግሎቱ መሬት ይዞ ይኖር ነበር። ሕዝቡም የመገበሪያውን ስንዴ፥ ዘቢቡን፥ ዕጣኑንና ጧፉን ያመጣ፥ ስእለቱን ያገባ፥ ዝክሩን ይዘክር፥ ተዝካሩን ያወጣ ነበር እንጂ፥ የወር ገቢውን ቈጥሮ ከዐሥር አንዱን ማውጣት በብዙ ቤት የተለመደ አልነበረም። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ያ የመሬት ሥርዓት አበቃ። ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ፥ በ1965 ዓ.ም. በሁለተኛው ፓትርያርክ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፥ ሰበካ ጉባኤን በቃለ ዐዋዲ አቋቁማ ነበርና፥ ምእመናን በየአጥቢያቸው ተሰብስበው ቤተ ክርስቲያናቸውን በገንዘባቸውና በአሳባቸው የሚረዱበት መንገድ አስቀድሞ ተጠርጎ ተገኘ። እንግዲህ አያቶቻችን በመሬቱ ተማምነው ያልለመዱትን፥ እኛ ከደመወዛችንና ከንግዳችን መልመድ ግድ ሆኖብናል። ልማዱ ለእኛ አዲስ ቢመስልም ሕጉ ግን ጥንታዊ ነው።

አሁን ደግሞ ከሕጉ ወደ ልብ እንምጣ። እኛ በልጅነታችን የቆሎ ተማሪ ነበርን። ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንግተን፥ ለውሻ መከላከያ በትር ይዘን፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን የዕለት ጉርሳችንን እንለምን ነበር። ከምንዞርባቸው ቤቶች አንዱ ጎተራው ከሩቅ የሚታይ የባለጠጋ ቤት ነበር። ከዚያ ቤት ዝቅ ብሎ ደግሞ አንዲት መበለት በትንሽ ጎጆ ይኖሩ ነበር። በሐምሌ ወር፥ የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና ቡቃያ በሆነበት ጊዜ፥ ከባለጠጋው ደጅ ቆመን ብንለምን ከውስጥ «እግዜር ይስጥልን» የሚል ድምፅ መጣ። አንባቢ እንደሚያውቀው ይህ ቃል ለማኝን ማሰናበቻ ነው። ከመበለቲቱ ቤት ምንም እንደማናገኝ ተማምነን ልናልፍ ስንል፥ «ኑ ልጆቼ» ብለው ጠሩንና ለአራታችን አንዲት እንጀራ አራት ላይ ቈርሰው ሰጡን። ከእኛ ታላቅ የሆነው ተማሪ አፍሮ፥ «እማማ፥ ለእርስዎስ?» ቢላቸው፥ በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ቅል አሳዩን። ሊጥ በሚያቦኩበት ቀን ሁሉ፥ ውኃ ዱቄቱን ሳይነካው፥ አንድ እፍኝ አንሥተው በዚያች ቅል ያኖሩ ነበር። «ይህ የእኔ አይደለም፤ ሊጡ ሳይቦካ የወጣ ነው» አሉን።

የዚያን ዕለት እንጀራውን በላን፤ ቃሉን ግን የተረዳነው ጎልምሰን የቤት አባት ከሆንን በኋላ ነው። ባለጠጋው የከለከለን ክፉ ሰው ስለ ነበረ አይደለም፤ በበዓል ቀን ከደጁ ብዙ ሰው ይጠግብ ነበር። ነገር ግን እርሱ የሚሰጠው ከተረፈው ነበረና፥ በሐምሌ የሚተርፍ ነገር አልነበረውም። እማማ ግን ያወጡት ከመጀመሪያው ነበረና በሐምሌም አልታጣም። መጻሕፍት በኵራት የሚሉት ይህን ነው። በኵራት የመጀመሪያው ማለት ነው። ከመጀመሪያው የሚያወጣ ሰው ቢያንስም ዘወትር አለው፤ ከትርፉ የሚያወጣ ሰው ግን ቢበዛለትም ዘወትር ይጐድልበታል፤ ፍላጎት ገቢን ተከትሎ ያድጋልና።

ይህን በዛሬው ቤታችን እንዴት እንፈጽመው ለሚል፥ ከአባቶች የተማርነውንና በቤታችን የሞከርነውን በአጭሩ እንናገር። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ደመወዙን በተቀበለበት ቀን፥ የቤት ኪራይና የአስቤዛ ሒሳብ ሳይነሣ፥ ዐሥረኛውን ለይቶ ያኑር። 10,000 ብር የሚቀበል 1,000 ብር መለየቱ ነው። ነጋዴ ቢሆን፥ የዕቃውን መግዣ፥ የሱቁን ኪራይና የመንግሥትን ግብር ካነሣ በኋላ የሚቀረው ትርፉ ነውና ከዚያ ላይ ያውጣ፤ የልጆቹን ልብስና የሰርጉን ድግስ ከቀነሰ በኋላ ግን አይሁን። ገበሬም እህሉ ጎተራ ሳይገባ ከአውድማው ላይ ይለይ። የቀንድ ከብትና የበግ አሥራትን በሚመለከት በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 27 የተጻፈው ሥርዓት ብዙ ያስተምራል። ከብቱ በእረኛው በትር ሥር ሲያልፍ ዐሥረኛው የእግዚአብሔር ይሆናል፤ መልካሙን ከክፉው መምረጥ፥ አንዱንም በሌላው መለወጥ አልተፈቀደም። ከሲታውን በግ ለቤተ ክርስቲያን፥ የሰባውን ለራስ የማለት ፈተና ያን ጊዜም ነበረ ማለት ነው። ዛሬም ያረጀውን ልብስና የተቀደደውን ብር ለሙዳየ ምጽዋት የምናቈይ ሰዎች አንጠፋም።

የለየነውን የት እናድርስ ለሚል፥ የመጀመሪያው ቦታ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን ነው፤ ይህም በሕጋዊ ደረሰኝ ሲሆን ለሰጪውም ለተቀባዩም ጥሩ ነው። ከዚህም ሌላ በገጠር ጧፍና ዕጣን፥ ዘቢብና መገበሪያ እያጡ የሚቸገሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ የአብነት ተማሪዎች አሉ፤ በጎረቤታችንም ደጇን ዘግታ የምትራብ እናት ትኖራለች። ለየትኛው ምን ያህል እንደሚገባ እያንዳንዱ ቤት የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ዕዳ ያለበት፥ ደመወዙ ለልጆቹ ዳቦ የማይበቃው ሰውም ብቻውን ተጨንቆ ከመተው ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመክር ይሻላል፤ ጥቂት ጀምሮ ማደግ ይቻላልና።

እስከዚህ የጻፍነው ቀላሉ ነው። አሁን የምንጽፈው ግን የራሳችንን ነውር ነው፤ ብንሸሽገው ይህን ዓምድ ለመጻፍ ድፍረት አናገኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር ታናሹ ልጃችን በሳንባ ምች ታምሞ ነበር። ትንፋሹ እየተቈራረጠ ሦስት ሌሊት ስናስታምመው፥ እኛና ባለቤታችን ልጃችን ቢድን ለደብራችን ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ልናገባ ተሳልን። በእግዚአብሔር ቸርነት፥ በእመቤታችን ምልጃ ልጁ ዳነ። ስእለታችንን የምናገባበትን ቀንም በኅዳር 21 በጽዮን ማርያም በዓል እንዲሆን ቈረጥን። ምንጣፉ 12,000 ብር ነበር። መስከረም ግን ለመምህር ቤት ከባድ ወር ነው፤ የትምህርት ቤቱ ክፍያና የልጆቹ ደብተር ገንዘቡን ወሰደው። ጥቅምትም እንዲሁ አለፈ። በዓሉ ሲቃረብ ከግማሹ የሚበልጥ አልነበረንም።

በዚያን ጊዜ ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ በቤታችን ታገለግል ነበር። ደመወዟ በወር 3,000 ብር ነበር። ስእለቱ እንዳይተላለፍብን የሁለት ወር ደመወዟን አዘገየንባት። መከልከላችን አልነበረም፤ ከበዓሉ በኋላ ልንከፍላት አስበን ነበርና ሕሊናችን አልከሰሰንም። እንዲያውም ለቅድስና ሥራ ስንል ያደረግነው ስለ ሆነ መልካም መስሎን ነበር። በኅዳር 15 ቀን ማታ ልጅቱ ወደ እኛ ቀርባ፥ «ጋሼ፥ እናቴ ታማለች ብለው ደወሉልኝ፤ ደመወዜን ቢሰጡኝ ደርሼ እመለሳለሁ» አለችን። «ከበዓሉ በኋላ ይሁን፤ እግዚአብሔር ይማርልሽ» አልናት። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ለባለቤታችን ያንኑ ነገረቻት፤ ያንኑ መልስ አገኘች። ሦስተኛ አልጠየቀችም።

በበዓሉ ቀን ማለዳ ምንጣፉን በትከሻችን ተሸክመን፥ ነጠላችንን መስቀልኛ አጣፍተን፥ የዳነውን ልጃችንን በፊታችን አስቀድመን ሄድን። ሴቶቹ እልል አሉልን። ካህኑም መረቁን። በደስታ ወደ ቤታችን ብንመለስ ልጅቱ አልነበረችም። ወጡ ተሠርቶ፥ እንጀራው በሞሶብ ተከድኖ፥ ቤቱም ተጠርጎ ተገኘ። ቁልፉን ለጎረቤታችን ለአንዲት ጉሊት ለሚቸረችሩ እናት ሰጥታ፥ የመኪናውን ዋጋ ከእርሳቸው ተበድራ ሄዳለች። አገሯ በደረሰች ጊዜ ግን እናቷ ከተቀበረች አንድ ቀን አልፏት ነበር። በ15 የጠየቀችው ቢሰጣት ኖሮ አምስት ቀን ከእናቷ አጠገብ በተቀመጠች ነበር።

ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ ጥቁር ለብሳ ልብሷን ልትወስድ መጣች። የሁለት ወር ደመወዟን፥ በላዩም ሌላ 2,000 ብር ጨምረን ሰጠናት። ቁጭ ብላ ቈጠረችው። 6,000ውን ያዘች፤ የጨመርነውን መልሳ በጠረጴዛው ላይ አኖረችና «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። በሕይወታችን ብዙ ጊዜ ተመስግነናል፤ እንደዚያ ያለ ምስጋና ግን አልሰማንም። ሰው በዚህ ቃል የሚያመሰግነው፥ «እኔ ብድሩን መመለስ አልችልምና እግዚአብሔር በእኔ ፈንታ ይክፈልህ» ለማለት ነው። ልጅቱ ግን ከእኛ የተቀበለችው አንዳች ስጦታ አልነበረም፤ የደከመችበትን የገዛ ገንዘቧን ነበር። በእርሷ ፈንታ እግዚአብሔር ሊከፍለን ቢመጣ ምን ሊከፍለን እንደሚገባ ስናስብ ፈራን።

ነገሩን ለንስሐ አባታችን ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙንና የምንጣፉን ዋጋ ጠየቁን፤ ነገርናቸው። የልጅቱን ደመወዝ ጠየቁን፤ እርሱንም ነገርናቸው። «እንግዲያስ የምንጣፉን እኩሌታ ያገባችው እርሷ ናት፤ እርሷ ግን አልተሳለችም ነበር። የእናንተ ስእለት እኩሌታው ገና አልገባም» አሉን። ከዚህም በኋላ ያስተማሩን ትምህርት ረዥም አልነበረም። ወደ አገሯ ሄደን ይቅርታ እንድንጠይቃት፥ የቀረውንም ስእለት ከራሳችን ጉሮሮ ቀንሰን እንድናገባ፥ ከዚያ ወዲያም በቤታችን የሠራተኛ ደመወዝ ሳይከፈል ማናቸውም ገንዘብ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይሄድ አዘዙን። በእናቷ በ40 ቀን መታሰቢያ ጊዜ ሄደን በዘመዶቿ ፊት ይቅርታ ጠየቅናት። «እግዜር ይቅር ይበለን» አለችን፤ እርሷ ምንም በደል ሳይኖርባት ራሷን ከእኛ ጋር ደምራ ተናገረች። ወደ ቤታችን ግን አልተመለሰችም፤ እኛም ተመለሺ ልንላት አልደፈርንም። ምንጣፉ ዛሬም በቤተ ክርስቲያኑ አለ። በሰንበት ጫማችንን አውልቀን ስንረግጠው እኩሌታው የማን እንደ ሆነ እናስባለን።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነው ነበር። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 7 የገሠጻቸው ሰዎች እናትና አባታቸውን ሊረዱበት የሚገባቸውን ገንዘብ ቍርባን ነው እያሉ ለቤተ መቅደስ የተለየ አስመስለው ወላጆቻቸውን ያስርቡ ነበር። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 5 ደግሞ መባውን ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው፥ ወንድሙ የተቀየመበት መሆኑን ባሰበ ጊዜ፥ መባውን በዚያው ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ ዘንድ አዘዘ። እግዚአብሔር መባው ቢዘገይበት አይቸገርም፤ የተበደለው ሰው ግን ይቸገራል። የሠራተኛ ደመወዝ በቤታችን ሊያድር እንደማይገባው ኦሪትም፥ ጦቢትም ለልጁ በሰጠው ምክር፥ ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ አስተምረዋል። ታላቁ መምህር ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፥ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ በሐር እያከበሩ ከደጅ በድኻው አካል ራቁቱን ሲበርደው ማለፍ ምን ጥቅም እንዳለው ሕዝቡን ጠይቋል። እርሱ የቤተ ክርስቲያንን ጌጥ የሚነቅፍ አልነበረም፤ ቅደም ተከተሉን ማስተማሩ ነው እንጂ። የእኛም አሳብ ይኸው ነው። ምንጣፉ ይግባ፥ ጃንጥላውም ይግባ፤ ነገር ግን የሌላ ሰው እንባ ያለበት አይሁን።

ገንዘብ የሌለው ሰው ይህን አንብቦ «እኔ የምመልሰው የለኝም» እንዳይል፥ ስለ ሌላው ሀብታችንም ጥቂት እንጨምር። ቀኑ 24 ሰዓት ነው፤ ከዐሥር አንዱ ሁለት ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ስንቱን ለጸሎት፥ ስንቱን በሽተኛ ለመጠየቅ፥ ስንቱን ልጆቻችንን ቃለ እግዚአብሔር ለማስተማር እንደምናውለው እያንዳንዳችን እንቍጠር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን የተበላሸ መብራት ቢጠግን፥ አናጢ የተሰበረውን ወንበር ቢመታ፥ ሒሳብ የተማረው የሰበካ ጉባኤውን መዝገብ ቢያስተካክል፥ መምህሩ ለድኻ ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ቢያስጠና፥ ሐኪም ያለ ዋጋ አንድ ድኻ ቢያይ፥ ይህ ሁሉ አሥራት ነው። በጾም ቀን ያልተበላው ምሳም የድኻው ድርሻ ነው፤ ለጾመኛው ኪስ ትርፍ ሊሆን አይገባውም። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 21 የምትገኘው መበለት ሁለት ሳንቲም ብቻ ነበራት፤ ጌታችን ግን ከሁሉ የምትበልጥ አድርጎ ቈጠራት፤ ሌሎቹ ያወጡት ከተረፋቸው፥ እርሷ ግን ከኑሮዋ ነበርና። በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 17 ከዳኑት ከዐሥሩ ለምጻሞች ለማመስገን የተመለሰው አንድ ብቻ ነበር። ከዐሥር አንድ መሆኑን ልብ እንበል። ጌታችን ግን ዘጠኙስ ወዴት እንዳሉ ጠየቀ። ስለዚህ ከብራችን ከዐሥር አንዱን ብናወጣም፥ ከልባችን ግን የሚጠየቀው ሁሉም መሆኑን እንረዳለን።

ይህን ነገር ለልጆቻችን ማስተማር የሚገባን በንግግር ብቻ አይደለም። በቤታችን የደመወዝ ቀን ማታ፥ ከራት በኋላ፥ ልጆቹ በተቀመጡበት ሦስት ነገር እናደርጋለን። አስቀድመን የሰው ዕዳ ያለብን እንደ ሆነ፥ ይልቁንም በቤታችን የሚያገለግለንን ሰው ደመወዝ በእጁ እንሰጣለን። ቀጥለን አሥራቱን በፖስታ ለይተን በመስቀሉ ሥዕል ሥር እናኖራለን። በመጨረሻም ልጆቹ ከሚሰጣቸው ጥቂት ሳንቲም የየድርሻቸውን በትንሽ ሣጥን ይጨምራሉ። ታናሹ ልጃችን አንድ ቀን፥ «አባዬ፥ ለምንድን ነው ከእግዚአብሔር በፊት ለሰው የምንሰጠው?» ብሎ ጠየቀን። ሊድንበት የተሳልነው ልጅ ነውና፥ መልሱ ሲያድግ የሚገባው መሆኑን ብናውቅም፥ የገንዘቡን ታሪክ ሳንደብቅ ነገርነው። ጥቂት ዝም ብሎ «አሁን እርሷ የት ናት?» አለን።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ይህ ጽሑፍ በእጃችሁ በገባበት ወር፥ አሥራታችሁን ከመቍጠራችሁ በፊት በቤታችሁ ውስጥ የሚኖረውን፥ ልብስ የሚያጥብላችሁን፥ ዘበኛውን፥ ዕንጨት ፈላጩን፥ በዱቤ የሰጣችሁን ባለሱቅ በዓይነ ልቡናችሁ ተመልከቷቸው። ከእነርሱ የቀረ ገንዘብ በእጃችሁ ያለ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ መልሱ። ከዚያም ሊጡ ሳይቦካ እፍኛችሁን አንሡ። እፍኟ ብታንስ አትፈሩ፤ እማማ በሐምሌ ወር አራት የተራቡ ልጆችን ያበሉት በእርሷ ነው።

እግዚአብሔር የሰጠንን የምናውቅበትን ልቡና፥ የተቀበልነውን የምንመልስበትን እጅ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።